ፋይል ውስጥ ያለ ጽሁፍ በምን ይፈለግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፣ የዊንዶውስ ኮምፒውተሬ ላይ የስንት ዓመት የወርድና የፒዲኤፍ ፋይል ተከምሯል። አለቃዬ «የኃይሉን ውል አውጪልኝ» ሲለኝ የፋይሉ ስም ካልመጣልኝ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው የማየው። ኤቭሪቲንግን ጫንኩ፣ አላገኘልኝም። አንድ ልጅ ደሞ ግሬፕ ተጠቀሚ አለኝ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኤቭሪቲንግ ጎበዝ ነው ግን ስራው የፋይል ስም መፈለግ ነው፣ ውስጡን እንዲያይ ማዘዝ ቢቻልም በጣም ይንቀራፈፋል። ግሬፕ ያለሽ ልጅ መቼም ፕሮግራመር ነው። ግሬፕ ፋይል ውስጥ ያለ ጽሁፍ በትዕዛዝ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው፣ ኬን ቶምሰን ዩኒክስ ለሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሰራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው፣ ለኮድና ለተራ ቴክስት አንደኛ፣ ሪፕግሬፕ የሚባለው አዲሱማ ፍጥነቱ ጉድ ነው፣ ግን የወርድ ዶክኤክስ ፋይል ዚፕ ተደርጎ የታሸገ ስለሆነ እነሱ ጽሁፉን አያዩትም፣ ላንቺ አይሆኑም።

እኔ ዲኤንግሬፕን ጫኚ ነው የምልሽ። ነጻ ነው፣ ወርድም ኤክሴልም ፒዲኤፍም ውስጥ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ስትፈልጊ የምትውዪ ከሆነ ዶክፌቸርም አለ፣ አንዴ ኢንዴክስ (በፋይሎቹ ውስጥ ያሉ ቃላት ማውጫ) ከሰራ በኋላ ወዲያው ነው የሚመልሰው። ዲኤንግሬፕን ያስቀደምኩት ግን በአማርኛችን ምክንያት ነው፣ አንዱ ኃይሉ ይላል ሌላው ሀይሉ ሌላው ሃይሉ፣ ለኮምፒውተሩ ሶስቱም የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሬጌክስ (በምልክት የመፈለጊያ ዘዴ) የሚለውን ምረጪና [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ብለሽ ጻፊ፣ ቅንፉ ውስጥ ካሉት በአንዱ የተጻፈውን ሁሉ ለቅሞ ያመጣልሻል። ጸና ፀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ ያለበትንም እንደዛው። ፋይሉን አፕሎድ አድርጊና እንፈልግልሽ የሚሉ ሳይቶችን ግን እንዳትሞክሪያቸው፣ የደንበኛ ሚስጥር ነው።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፣ ጽሁፉን በማውሱ ሴሌክት ማድረግ ካቃተሽ መጀመሪያ ኦሲአር (ከፎቶ ላይ ፊደል አንብቦ ወደ ጽሁፍ የሚቀይር ፕሮግራም) ያስፈልገዋል፣ ቴሰራክት ነጻ ነው አማርኛም ያነባል፣ ደብዛዛ ገጽ ላይ ግን ይሳሳታል። ከሱ የባሰው በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛም በኋላ ብዙ ቢሮ በድሮው ሲተይብ ቆይቷል። ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ ፔስት ስታደርጊው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ እሱ ነው፣ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ የትኛውም ቱል ባዶ ነው የሚመልስልሽ፣ ስለዚህ ምንም ከመጫንሽ በፊት ከየዓመቱ አንዳንድ ፋይል እያወጣሽ ቼክ አድርጊ።