ቱርክኛ ተናጋሪና የእንግሊዝኛ ፈሊጥ፦ ጥያቄዎቻችሁ

አንካራ ውስጥ ለቱርኮች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እዚህ የሚማሩ፣ ከቱርክ ጋር የተጋቡ፣ በትርፍ ሰዓታቸው የቱርክ ልጆችን የሚያስጠኑ ወገኖች ብዙ ጠይቃችሁኛል። የሚደጋገሙትን እነሆ። የቱርክኛውንም የእንግሊዝኛውንም ቃል በፊደላችን ስለጻፍኩት ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ባለቤቴ ቱርክ ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲያነብ ምንም አይቸግረውም። ከሰው ጋር ሲያወራ ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ለምን?

አይግረምሽ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ቱርክኛ ከፈረንሳይኛ የወሰዳቸው ቃላት ወደ 5,000 ይጠጋሉ። «ኤንፍላስዮን»፣ «ፕሬስቲዥ»፣ «ማኒፑሌ ኤትሜክ» ይላሉ። «ኤትሜክ» ማለት «ማድረግ» ነው። እንግሊዝኛም እነዚህኑ ቃላት ከፈረንሳይኛና ከላቲን ስለወሰደ፣ እኛ ከባድ የምንለው ቃል ለባለቤትሽ የቤቱ ነው። «ቶለሬት» (መታገስ) ለማለት «ቶሌሬ ኤትሜክ»ን ማስታወስ ይበቃዋል።

ያንኑ መታገስን «ፑት አፕ ዊዝ» ብለሽ ስትነግሪው ግን ይደናገራል። ሦስቱንም ቃላት ለየብቻ ያውቃቸዋል፣ አንድ ላይ ሲመጡ ትርጉማቸው ይጠፋበታል። ስለዚህ «የላቀ ቃላት» የሚል መጽሐፍ አትግዢለት። «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ቴክ»፣ «ተርን» ከትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመሩ የሚሰጡትን ትርጉም ያጥና። ክፍተቱ እዚያ ነው።

የማስጠናው ልጅ «መምህሬ ሲምፓቴቲክ ናት» ብሎ ጻፈ። ለማን አዝና ነው?

ለማንም። የእንግሊዝኛው «ሲምፓቴቲክ» ለሰው የሚያዝን ነው፣ «ሴምፓቲክ» ግን በቱርክኛ ደስ የምትል፣ የምትወደድ ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ውርስ እንዲህም ጉድ ይሠራል። «አፓርትማን» ሲሉ ሕንፃውን በሙሉ ነው፣ አንዱን ቤት አይደለም። «አዣንዳ» የቀጠሮ ደብተር ነው። ከጣሊያንኛ የመጣው «ፓስታ» ደግሞ ኬክ ነው! የእኛን ፓስታ «ማካርና» ይሉታል።

የቱርክኛን ፈሊጥ ወደ እንግሊዝኛ ቢተረጉሙት ያስኬዳል?

አንዳንዴ ያስኬዳል። «በእሳት መጫወት» እና «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» በሁለቱም ቋንቋ አሉ፣ በእኛም አሉ። እነዚህን በነፃ ውሰዱ።

አስቸጋሪዎቹ ሐሳባቸው ተመሳሳይ፣ ሥዕላቸው የተለየ ነው። ትንሹን ነገር የሚያጋንን ሰው በቱርክኛ «ቁንጫን ግመል ያደርጋል» ይባላል። እንግሊዞች የፍልፈል አፈር ተራራ አደረገው ይላሉ። የማይሆን ነገር ሲነሳ ቱርኩ «ዓሣ ካቫክ ላይ ሲወጣ» ይላል፤ «ካቫክ» አውሮፓ መንገድ ዳር የሚተከለው ቀጥ ያለ ረጅም ዛፍ ነው። በእንግሊዝኛ አሳማ ነው የሚበረው። ከብዙ ነገር እዚህ ግባ የማይባለው ቁራጭ በቱርክኛ «ግመል ላይ ያለ ጆሮ»፣ በእንግሊዝኛ የውቅያኖስ ጠብታ ነው። ተማሪው የራሱን ግመል ይዞ ሲመጣ ሰሚው ፈገግ ይላል፣ ሐሳቡ ግን አይደርሰውም።

ፈሊጥ የማያስፈልግበትም አለ። «ኩላክ ሚሳፊሪ ኦልማክ»፣ ቃል በቃል «የጆሮ እንግዳ መሆን»፣ ሳያስቡት የሰው ወሬ መስማት ነው። በጣም እወዳታለሁ። እንግሊዝኛው ግን «ኦቨርሂር» ብሎ በአንድ ግስ ይገላግላችኋል።

የተማሪዬን ጽሑፍ ሳርም ስህተቱ አይታየኝም። እሱ ግን ፈተና ላይ ነጥብ ይቆረጥበታል። ምን እያመለጠኝ ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪ አስጠኚዎች በጣም ወሳኝ ነው። አንዱ ተማሪዬ የጻፈውን እዩ፦ «አይ ኤንተርድ ዘ ኤግዛም። ባለፈው ሌሊት አይ ሶው ኤ ባድ ድሪም። አሁን አይ ጌቭ ኤ ዲሲዥን።» ሦስቱም ግሶች ከቱርክኛ በቀጥታ የመጡ ናቸው። ቱርኩ ፈተና «ይገባል»፣ ሕልም «ያያል»፣ ውሳኔ «ይሰጣል»።

የመጀመሪያው ስህተት ወዲያው ይታያችኋል፣ እኛ ፈተና እንፈተናለን እንጂ አንገባም። የቀሩት ሁለቱ ግን ዓይናችንን ያልፉታል። ለምን? እኛም ሕልም እናያለን፣ ውሳኔ እንሰጣለን! እንግሊዝኛው «ቱክ ኤን ኤግዛም»፣ «ሀድ ኤ ድሪም»፣ «ሜድ ኤ ዲሲዥን» ነው። አማርኛና ቱርክኛ ግስን መጨረሻ ላይ ከማስቀመጥ አልፈው እንዲህም ይገጣጠማሉ። ስለዚህ የተማሪው ዓረፍተ ነገር ለጆሮአችሁ ከጣመ፣ ያኔ ነው መዝገበ ቃላት መክፈት። ስም ስታስተምሩ ግሱን አብራችሁ አስይዙት። «ዲሲዥን» ብቻውን ደብተር ላይ አይጻፍ።

ተማሪዬ ወሬ ሲነግረኝ በዓይኑ ያየው ይሁን ከሰው የሰማው አይለይልኝም።

በቋንቋው በደንብ ይለየዋል። ቱርክኛ ያዩትንና የሰሙትን በግሱ ጅራት ይለያል። «ጌልዲ» መጣ ነው፣ ተናጋሪው ያውቃል። «ጌልሚሽ» ደግሞ መጥቷል አሉ፣ ወይም ጫማውን በር ላይ አይቼ መምጣቱን ገመትኩ። እንግሊዝኛ ሲናገር ሁለቱም «ሂ ኬም» ይሆኑና ጥርጣሬው ይጠፋል። ሳያስበው ለሰማው ወሬ ኃላፊነት ወሰደ ማለት ነው።

የላቀ ቃላት ዋጋ የሚያወጡት እዚህ ላይ ነው። ለዕለት ወሬ «አፓረንትሊ» እና «አይ ሂር»፤ ያልጠበቀው ነገር ሲገለጥለት «ኢት ተርንስ አውት»፤ በዜና «ሪፖርትድሊ»፤ ክስ ሲሆን «አሌጅድሊ»። እኔ የማሠራው ቀላል ነው። «ሚሽ» የበዛበት የቱርክኛ ሐሜት አንድ አንቀጽ እሰጣቸዋለሁ፣ ጥርጣሬው ሳይጠፋ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ ቃላቱም ይቀራሉ።

ለዋይ ዲ ኤስ ፈተና ፈሊጥ ላጥና?

አታጥና። ቱርክ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ የመንግሥት የውጭ ቋንቋ ፈተና 80 የምርጫ ጥያቄ በሦስት ሰዓት ነው። መናገርም፣ ማዳመጥም፣ መጻፍም የለበትም። ጽሑፉ የምሁር ጽሑፍ ስለሆነ የቋንቋ ተመራማሪዋ ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን 570 የቃላት ቤተሰብ (አንድ ቃልና ከእሱ የሚረቡት) የያዘ የአካዳሚክ ዝርዝር ያዝ። ዝርዝሩ በነፃ ይገኛል። ፈተናውን ስላለፍክ ግን ትናገራለህ ማለት አይደለም።

ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ «ዝናቡ ድመትና ውሻ ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አሁንም ይጠቀሙበታል?

የመማሪያ መጽሐፍ ይጠቀምበታል። «ኢትስ ፖሪንግ» በቂ ነው።

ልጄ ጀርመን ይኖራል፣ ምራቴ ቱርክ ናት። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ምግብ ሳቀርብላት «ሄልዝ ቱ ዩር ሃንድ» ትለኛለች። ምን ማለቷ ነው?

እናቴ፣ «እጅዎ ይባረክ» እያለችዎት ነው። በቱርክኛው «ኤሊኔ ሳልክ» ይባላል። እንግሊዝኛ ለዚህ ቦታ የሚሆን ምርቃት የለውም። እንግሊዝ ቤት ብትጋበዝ «ዛት ዎዝ ዲሊሸስ» ትበል። እርስዎ ቤት ግን አያርሟት። ሥራ ላይ ሆነው ስታይዎት ደግሞ «ኮላይ ጌልሲን» ልትል ትችላለች፣ ሥራው ይቅለልዎት ማለት ነው። በአማርኛ «አሜን» ይበሏት፣ ቃሉ ለቱርክም አይከብድም።

ቱሬንግ በሚባለው የኢንተርኔት የቱርክኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ላይ አንድ ቃል ስፈልግ ሃያ ትርጉም ይመጣብኛል። የትኛውን ልያዝ?

ከቱሬንግ መነሻ ብቻ ውሰጂ። ሁለት ሦስቱን መርጠሽ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቻቸውን አንብቢ። ልትዪ ካሰብሽው ጋር የሚሄደውን፣ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ፣ አንኪ በሚባለው የማጥኛ ካርድ መተግበሪያ ላይ አስገቢው። በካርዱ ፊት ቃሉን ባዶ ቦታ አድርጊው፣ ከጀርባው መልሱን። የቱርክኛ ትርጉም ካርዱ ላይ አትጻፊ።