ግቢ ለመግባት ለምትሮጡ ልጆች

ልጆቼ፣ እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን በመንገድና በውኃ ሥራ ነው የጨረስኩት። አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የጎረቤት ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። ልጆቹ ግን ከፊዚክሱ ይልቅ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምገባ ይመስልሃል?» «ቂሊንጦ ያለው ሳይንስና ቴክኖሎጂስ?» «ውጭ ብሞክርስ?» ለየብቻ መመለሱ ስለሰለቸኝ ለሁላችሁም በአንዴ ልጻፍ።

መጀመሪያ ከቤት የሚመጣውን ጫና እናቅልለው። «ወንድምህ ገብቶ አንተ እንዴት አቃተህ?» የምትባሉ ብዙ ናችሁ። ወንድማችሁ የተወዳደረው ሌላ ውድድር ነው። እኔ ማትሪክ የወሰድኩት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ (የዛሬው ሐሮማያ) ነበሩ። መግባት ከባድ ነበር። አንዴ ከገባህና ከተመረቅህ ግን ሥራውን መንግሥት ራሱ ይመድብሃል። ኋላ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። መቁረጫ ነጥቡም በየዓመቱ እየታየ ስለሚወሰን ብዙ ልጅ ገባ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ግን ተበላሸ። መልስ በስልክ ይዞር ጀመር። በ2008 ጭራሽ ፈተናው ራሱ አስቀድሞ ወጥቶ እንዲቋረጥ ተደረገ።

ከ2014 ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀመሩ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። በዚያ ዓመት ያለፈው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በ2014 የተፈተነው 900 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2017 ግን 600 ሺህም አልሞላ። መቶኛው ከፍ ያለው ያለፈው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን የተፈተነውም ስላነሰ ነው። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። እዚያ ተምሮ 50 ያልሞላለትን ልጅ ሰነፍ የሚል ሰው፣ ቤተ ሙከራ የሌለውን፣ የሒሳብ መምህር በዓመቱ መሀል የሚለቅበትን ክፍል ሄዶ ይይ።

ስለዚህ ከታላላቆቻችሁ ጋር መወዳደሩን ተዉት። እነሱ ሰፋ ባለ ጊዜ ገቡ፣ እናንተ በጠበበ ጊዜ ደረሳችሁ። (ጎበዝ አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ እንዳትጣሉኝ።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኔ ዘመን ልጅ የሚፈራው አንድ ፈተና ነበር። እናንተ ግን ብሔራዊ ፈተናውን አልፋችሁም አላለቀም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ። ከገባችሁ በኋላ ፍሬሽማን (የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት) ትማራላችሁ፤ ዲፓርትመንት የምታገኙት ደግሞ በፍሬሽማን ውጤታችሁ ነው። መጨረሻ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና አለ። እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ከዚያ ሥራ ፍለጋው። የሚመድባችሁ የለም።

የምፈራላችሁ ለመጀመሪያው ፈተና ብላችሁ የምትለምዱት አጠናን ለቀሪዎቹ ጠላት እንዳይሆንባችሁ ነው። አንድ የሰፈሬን ልጅ ልንገራችሁ። ቀለሜ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ያስጠረዘው የድሮ ጥያቄዎች ጥራዝ ነበረው፤ የገጾቹ ጠርዝ በጣቱ ላብ ጠቁሯል። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ «ሲ ነው» ይለኛል። ልክ ነው። «ለምን ሲ ሆነ?» ስለው ዝም። አንድ ቀን ቁጥሩን ቀየርኩበት፤ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሳጥን ነበር። እሱ ሥዕል ሳይሠራ ቀጥታ ፎርሙላ ጻፈ። የስበቱን ኃይል የት እንደሚያሳርፈው እንኳ አላወቀም።

ይህ ልጅ አለፈ። ጥሩ ነጥብ አምጥቶ የሚፈልገው ግቢ ገባ፤ ድግስ በላን። ፍሬሽማን ላይ ግን የሚሸመደድ ጥራዝ የለም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ አንገዳገደው። ሶፍትዌር እየፈለገ ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) አልደረሰለትም፤ ስሙን እንኳ በደንብ የማያውቀው ዲፓርትመንት ደረሰው። ዩኒቨርሲቲው ያው ስመ ጥሩ ነው። እሱ ግን ሳይወደው ነው የሚማረው።

ስለዚህ የድሮ ጥያቄ ሥሩ፤ ክፋት የለውም፣ ሰዓት አጠቃቀም ያስተምራል። ግን መልሱን ከማየታችሁ በፊት ሥዕሉን ሣሉ። መለኪያውን (ዩኒቱን) ጻፉ። ከዚያ ታናሽ እህታችሁን አስቀምጡና በአማርኛ አስረዷት። እሷ ካልገባት እናንተም አልገባችሁም። እንግሊዝኛውንም አትናቁት። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂውን እያወቀ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው የሚስት ብዙ ልጅ አይቻለሁ። በቀን ሁለት ገጽ፣ የመማሪያ መጽሐፉንም ቢሆን፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ይህን 9ኛ ክፍል የጀመረና 12ኛ ክፍል ላይ ለቱቶሪያል ገንዘብ የሚያፈስ ልጅ እኩል አይደሉም።

የግቢ ስም ዋጋ አለው ወይ? አለው። ሰው ስቀጥር ሲቪው ላይ የት እንደተማረ አያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አያልፍም። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ፕላን እዘረጋና «ይሄ ቱቦ ከዚህ በኋላ ለምን ጠበበ?» እላለሁ። ያኔ የሚመልስ ይመልሳል፣ የማይመልስ ኮርኒስ ኮርኒሱን ያያል። በውኃ ሥራ ከአርባ ምንጭ የመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ አስደንቀውኛል። አይገርምም፤ አርባ ምንጭ መጀመሪያ የተቋቋመው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከመባሉ በፊት የጤና ኮሌጅ ነበር። ሐሮማያ በእርሻ ነው ስሙን ያገኘው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ከከተማ መውጣት ቅጣት ይመስለዋል። ወላጅም «ልጄ ክፍለ አገር ደረሰው» ብሎ ለቅሶ የደረሰ ያህል ያዝናል። እኔ አይገባኝም። የምትፈልጉት ትምህርት የት እንደሚጠነክር ጠይቁ እንጂ የቱ ግቢ ለታክሲ እንደሚቀርብ አይደለም።

ውጭ ለምታስቡ ባጭሩ። ሃርቫርድ ዛሬ ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ያህል ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ከአሥር በላይ ነበር። ወንበሩ ብዙም አልቀነሰም፤ የበዛው አመልካቹ ነው። ኮመን አፕ በሚባለው ፎርም አንድ ልጅ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ማመልከት ይችላል። ለእናንተ ከመቶኛው ይልቅ የገንዘብ ጉዳዩ ይበልጣል። ብዙ ኮሌጆች የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ ሲጠይቅ የመግባት ዕድሉን ይቀንሱበታል። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉት ግን የመክፈል አቅምን ሳያዩ ነው የሚመርጡት። ሞክሩ፣ ግን እሱን እየጠበቃችሁ እዚህ ያለውን ፈተና አትዘንጉ። «ገንዘብ አምጣ፣ አስገባሃለሁ» የሚል ኤጀንት ከመጣ ደግሞ ስልኩን ዝጉበት።

ውጤት የሚወጣ ቀን ኔትወርኩ መጨናነቁ አይቀርም። ሌሊቱን ሙሉ ቴሌግራም ላይ አትፍጠጡ፤ ጠዋትም ያው ቁጥር ነው። ጎረቤት «ስንት መጣልህ?» ቢል የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ለእናትና ለአባታችሁ ግን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ በዚያው ቀን ንገሯቸው። ውጤቱ ልክ አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ፣ ቅሬታ የሚቀርበው ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያውን ተከታተሉ። 50 ሳይሞላ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ከደረሳችሁም አፍራችሁ ቤት አትቅሩ፤ የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ ሻንጣችሁን ያዙና ሂዱ።