ሀ ሁን በቃሏ ለምትወርድ፣ ነጥለው ሲያሳዩዋት ለሚጠፋባት ልጅ

እህቴ፣ የ5 ዓመት ልጅሽ ከሀ እስከ ፐ ሳትስት እንደምትወርድ፣ «ቢ»ን ነጥለሽ ስትጠቁሚያት ግን ከ«በ» ካልጀመረች እንደማታውቀው፣ እርሳስ ስትይዝም ጣቷ ቶሎ እንደሚደክማት ጽፈሻል።

ልጅቷ የያዘችው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አላየችውም። እዚህ ጎንደር የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው መድኃኒቱን ያውቀዋል፦ አቡጊዳ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል፤ ሰባቱም ከተለያየ ቤት (ከአንድ ፊደል ከሚወርዱ ሰባት ፊደላት ረድፍ) ናቸውና ልጁ በሀ ሁ ዜማ ሊደርስባቸው አይችልም። (እሱም ከተሸመደደ ያው ነው።) አንቺ አቡጊዳውን ማስያዝ የለብሽም፣ ቅደም ተከተሉን መስበር ይበቃል። ካርቶን ላይ የፊደሉን መጠን የሚያህል ቀዳዳ ቁረጪና ገበታው ላይ እያንሸራተትሽ አንድ አንድ ፊደል ብቻ አሳያት። ጎረቤቱ ካልታየ ዜማው አይረዳትም።

231ዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አታሸክሚያት። በ«ለ» እና በ«በ» ቤት ጀምሪ። በሁለቱ ቤት ብቻ ብላ፣ ብሉ፣ በላ፣ ልብ፣ ሌባ፣ ላሊበላ ይነበባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ቃል ያነበበች ልጅ ሦስተኛውን ቤት ራሷ ትጠይቅሻለች። ሰን ስትጨምሪ ልብስ ይመጣል።

ከዚያ የአንድን ቤት ፊደላት እርስ በርስ የሚለዩትን ምልክቶች አሳያት። «በ» ላይ በደንብ ይታያሉ፦ ቡ ቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፣ ቢ ቀኝ እግሩ ሥር፣ ባ ግራ እግሩ አጥሯል፣ ቤ ቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት አለው፣ ቦ ደግሞ ቀኝ እግሩ አጥሯል። ሰ እና ሸም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። ሳድስ (ስድስተኛው) ግን ደንብ የለውም፤ ብ ጭረቱ በግራ ጎኑ ነው፣ ስ ግን አናቱ ላይ። ስለዚህ ሳድስን በየቤቱ በዓይን ታልምደው፣ ሕግ አትፈልጊለት። ባለ አንድ እግሮቹ ተ እና ቀ ራብዓቸው (አራተኛቸው) ላይ እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ (ታ፣ ቃ)። ሩ እና ሪ፣ ፉ እና ፊ ትልልቆችንም ስለሚያደናግሩ መጨረሻ ይቆዩ። ሰን ሸ፣ ተን ቸ፣ ነን ኘ፣ ዘን ዠ የሚያደርገው አናት ላይ የሚደፋው ቆብ ነው፤ ይህን ልጆች ይወዱታል። ጠ እና ጨ ላይ ግን ቆቡ አይሠራም፣ ለውጡ እግራቸው ላይ ነው፤ አስቀድመሽ ንገሪያት።

ወደ መጻፉ ስንመጣ፣ እርሳሱን ለጊዜው አስቀምጪው። ትሪ ላይ የጣት ውፍረት የማይሞላ ደቃቅ አሸዋ ወይም ዱቄት አንጥፊና በጠቋሚ ጣቷ ትጻፍ፤ ቀጥሎ ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ፣ ፊደሉ አንድ ስንዝር የሚያህል። ትልቅ መሆኑ ለውበት አይደለም። ፊደሉ ሲያንስ የወገብ ጭረትና የእግር ጭረት ይጠጋጉና ቡ እና ቢ አንድ ይሆኑባታል። መስመሩ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ አካሉ መጀመሪያ፣ ጭረትና ቀለበት በመጨረሻ። ቀለበቱን አስቀድማ ከጻፈች እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋባታል።

ደብተር ላይ የምትገባው ይህን ከለመደች በኋላ ነው። አዲስ ረጅም እርሳስ ለትንሽ እጅ ይከብዳል፣ ለሁለት ሰብረሽ ቅረጪላት። 10 ደቂቃ ጠዋት፣ 10 ደቂቃ ማታ ይበቃል። አንድ ገጽ ሙሉ «ቡ» አታስጽፊያት፤ ከሦስተኛው መስመር በኋላ የራሷን ስህተት ነው የምትገለብጠው። አራት ጊዜ ትጻፍ፣ የቱ እንዳማረ ራሷ ታክብብ።

የ«ቡ»ን ጭረት በግራ ብታደርገው ወይም «ባ»ን በ«ቦ» ብትለውጥ አትደንግጪ፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ቀኝ እጇ ላይ ክር እሰሪላትና «ቡ ጭረቱ ወደ ክሩ ነው» በያት። በግራ እጇ የምትጽፍ ከሆነ እጇን አትለውጪባት፤ ደብተሩን ወደ ቀኝ አዘንብለሽ አስቀምጪላት፣ የጻፈችውን በእጇ እንዳትሸፍነው።

ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ከሌሎቹ ጋር ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ለአሁኑ ይለፉ። ስሟ በሐ ወይም በሠ የሚጻፍ ከሆነ ግን ያንን አንዱን ብቻ አስቀድመሽ አሳያት።