እኔ አስተካክላለሁ፣ እሷ ስትገባ ይበላሻል

ጥያቄ፦ ቢሮ ውስጥ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ለሦስት እንጠቀማለን፤ መግቢያችን የየራሳችን ነው። እኔ የፕሪንተሩን የወረቀት መጠን ኤፎር (A4) አደርገዋለሁ። ጓደኛዬ በራሷ ስትገባ ግን ሌተር (Letter፣ የአሜሪካኖቹ የወረቀት መጠን) ይሆንባትና ፕሪንተሩ ይቆማል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የነካሽው «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ»ን ነው። እሱ ላንቺ ብቻ ነው። የሁሉም የሚሆነው ሌላ ቦታ ተደብቋል፣ ለምን እንደደበቁት እንጃ። በአስተዳዳሪ መግቢያ «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ»፣ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ» ውስጥ ግቢና ኤፎር በይው። ጓደኛሽ ቀድማ በራሷ ነካክታው ከሆነ ግን የእሷ ይጸናል፤ በመግቢያዋ አንዴ ታስተካክለው።

ሌተር ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤፎር 297። እኔ ይህን ሳላውቅ ሳምንት ሙሉ የወረቀት መሳቢያውን ስደበድብ ከርሜያለሁ።