የብረት ክምችትና የደም ግፊት፦ ከጎጃም የደረሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ደብረ ማርቆስ በላቦራቶሪ ሙያ እሠራለሁ። በሰውነት ውስጥ ስለሚከማች ብረትና ስለ ደም ግፊት ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። መድኃኒት የማዘዝና የመቀየር ሥልጣን ግን የሐኪማችሁ ነው።

ከቡሬ፦ ዕድሜዬ 52 ነው። ግፊቴ 150/95 ነው። ፌሪቲን የሚባለውም 420 ሆኖ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ግፊቱን ያመጣብኝ ብረቱ ነው?

ፌሪቲን ብረትን ይዞ የሚያስቀምጥ ፕሮቲን ነው፤ የሰውነት ጎተራ በሉት። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ። አብዛኛው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይሠራል፤ ትርፉ በዋናነት ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነት የተረፈውን ብረት አውጥቶ የሚጥልበት ሁነኛ መንገድ የለውም።

ፌሪቲናቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ የደም ግፊት በብዛት መታየቱን በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ትርፍ ብረት የደም ሥርን ግድግዳ የሚጎዱ ኬሚካሎች እንዲፈጠሩ ያግዛል፤ ሥሩን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድንም ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ፌሪቲን በብረት ብቻ አይጨምርም። የጉበት ስብ፣ ቦርጭ፣ ኢንፌክሽንና መጠጥ ሁሉ ከፍ ያደርጉታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ቦርጭና መጠጥ ደግሞ ግፊትንም ያመጣሉ። ስለዚህ ብረቱን ከመክሰስዎ በፊት የትራንስፈሪን ሙሌት (በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህሉ በብረት እንደተሞላ የሚያሳይ)፣ የጉበትና የስኳር ምርመራ ያሠሩ። ሙሌቱ ከ45 በመቶ በታች ከሆነ እውነተኛ የብረት ክምችት የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። አረቄ ይቀምሱ እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ለሐኪምዎ ግን አይደብቁ።

ከብቸና፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ሜቲልዶፓ ታዘዘላት፤ የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብልም ትወስዳለች። ጎረቤቶቻችን «እንክብሉ ደም ይጨምራል፣ ግፊቷን ያባብሰዋል» ብለዋታል። ታቁም?

አታቁም። እንክብሉ የሚሞላው የጎደለውን ነው፤ ግፊት ደግሞ ደሙ በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል እንጂ የደሙ መጠን አይደለም። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ደም ማነስ ያለባት እናት አቅም አይኖራትም።

ሆኖም ጎረቤቶችዎ ሳያውቁት አንድ እውነት ነክተዋል። ብረትና ሜቲልዶፓ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ብረቱ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ጥናት፣ ሜቲልዶፓ የሚወስዱ ሰዎች ብረት ሲጀምሩ ግፊታቸው ጨምሯል፤ ብረቱን ሲተዉ መልሶ ወርዷል። ብዙ እናቶች ሁለቱንም እንክብል ጧት ከቁርስ ጋር በአንድ ጉንጭ ውኃ እንደሚውጡ አያለሁ። መፍትሔው ማራራቅ ነው። ሜቲልዶፓውን ጧት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 5 ሰዓት የምትወስድ ከሆነ ብረቱን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ትውሰደው፤ ከሁሉም ቢያንስ በአራት ሰዓት ይርቃል። ያኔ ቡና ተፈልቶ ከሆነ እርሷ ትቆይ፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ያስቀሩታል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ከተሰማት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ከዳንግላ፦ ደም ማነስና ደም ግፊት አንድ ሰው ላይ ይገኛሉ?

አዎን። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱም አሉበት። በባዶ እግሩ እርሻ የሚውል ሰውም በመንጠቆ ትል ደሙን እያጣ ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል።

ከደምበጫ፦ አባቴ ግፊት ሲነሳባቸው ዋግምት ያስደርጋሉ፤ ይሻለኛል ይላሉ። ደም ማውጣት ግፊትን ይቀንሳል የሚል ጥናት አለ ሲባልም ሰማሁ።

አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከጀርመን በወጣ ጥናት፣ ውፍረት፣ የስኳር መዛባትና ግፊት ከተደራረቡባቸው 64 ሰዎች መካከል ደም የተቀዳላቸው፣ የላይኛው ቁጥራቸው በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ148 ወደ 130 አካባቢ ወርዷል። ጥናቱ ትንሽና አጭር ስለሆነ ሕክምና አድርጎ ለማዘዝ አይበቃም። ደግሞም ከዋግምት ጋር አይገናኝም። ከለጋሽ የሚቀዳ 450 ሚሊ ሊትር ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይወጣል፤ በቀንዱ የሚሳበው ግን ጥቂት ነው። ከሰው ሰው የሚዞረው ምላጭ ደግሞ ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። አባትዎን በክርክር አይርቱአቸውም። ከዋግምቱ በፊትና በማግስቱ ግፊታቸውን ያስለኩላቸውና ቁጥሩን ራሳቸው ይዩት።

ከሞጣ፦ ቀይ ጤፍ ብረት አለው ይባላል። ጠላና አረቄስ?

ጤፍ ውስጥ በምርመራ የሚገኘው ብረት ከፊሉ በሬ ሲያበራየው ከአውድማው አፈር የገባ ነው፤ ይህ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ይያዛል። ሊጡ መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ የሚመረጠው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። በእንጀራ ብቻ ብረት በዝቶብኝ ግፊት ያዘኝ ብለው አይስጉ።

በደቡባዊ አፍሪካ በብረት በርሜል የሚጠመቅ ባህላዊ ቢራ ጠጪዎቹን ለከባድ የብረት ክምችት ዳርጓል። የእኛ ጠላ በሸክላ ጋን ስለሚጠነሰስ ይህ ስጋት የለበትም፤ ጋኑን በዛገ በርሜል አትለውጡት። የዳጉሳ አረቄ ግን ብረት ኖረውም አልኖረው፣ አልኮሉ ራሱ ግፊትንም ፌሪቲንንም ከፍ ያደርጋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ግፊት ስላለብኝ ሥጋና ጉበት ልተው?

በቅድሚያ ጨውን ይቀንሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። በዓመት በዓል የሚበሉት ጉበት ችግር አይደለም።

ከመራዊ፦ ወባ ይዞኝ መድኃኒት ላይ ነኝ። ነገ ፌሪቲን ልሠራ?

አይሥሩ። በሕመም ላይ ሆነው ቢለኩ ቁጥሩ ከእውነተኛው ክምችት በላይ ይወጣል። ከዳኑ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ይምጡ፤ ግፊትዎን ግን ነገውኑ ይለኩ።