ታንኳና ኮረፌ በአንድ ምሽት፦ ጎንደር ላይ ሞክረን ያየነው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎንደር ላይ ስለ ጣና ታንኳና ጀልባ ታሪክ ተከታታይ የምሽት ትምህርት ልጀምር ነው፣ ከትምህርቱ ጋር የአገራችንን ጠላና ኮረፌ የሚባለውን የገብስ መጠጥ ላቀርብ አስቤያለሁ፣ ሰው ይመጣል ወይ፣ ምን ልጠንቀቅ ነው ያልሽው። ሰው ይመጣል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ አምስት ምሽት አዘጋጅተን አይተነዋል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ የሠራነው ስህተት ግን እስካሁን ያንገበግበኛልና ከሱ ልጀምር።

የዚያን ቀን እንግዳችን ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ከጎርጎራ በኩል የመጡ፣ ጣና ዳር ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገልን ሲያስሩ የኖሩ። እኛ ደስ ብሎን በር ላይ ቆመን ለሚገባው ሁሉ ኮረፌ እየቀዳን እንቀበላለን። ለሳቸውም ዘረጋንላቸው። ነገደ ወይጦ በአብዛኛው ሙስሊም መሆናቸውን ከመሀላችን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ማናችንም አላሰብንበትም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይቅርብኝ ልጄ፣ እናንተ ጠጡ» አሉ። ክፍሉን የመጠጥ ሽታ ሞልቶታል። ሰዉ ሞቅ ብሎት እርስ በርሱ ያወራል። እሳቸው አንድ ሰዓት ሊያወሩን መጥተው በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ሄዱ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ክብራቸውን ግን አልጠበቅንላቸውም። በሳምንቱ ጎርጎራ ድረስ ወርደን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ስለዚህ ይህን ያዢ። የታንኳን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች መጠጥ አይጠጡም። ትምህርቱ ይቅደም፣ መጠጡ ይከተል፣ ከተቻለም በሌላ ክፍል ወይ በረንዳ ላይ ይሁን። እኛ ከሁለተኛው ምሽት ጀምሮ መግቢያው ላይ ቡና አፈላን። ለማይጠጣ ሰው ያልፈላ ብርዝ አዘጋጀን። ደግሞ «ወይጦ» የሚለውን ቃል ለስድብ የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ስለኖረ፣ ስታስተዋውቂያቸው ነገደ ወይጦ በይ፤ እነሱ የሚፈልጉት ስም ይሄ ነው።

አዛውንቱ በሦስተኛው ምሽት ተመልሰው መጡልን። አንድ ሸክም ደንገል ይዘው! ምንም ንግግር አላደረጉም። መሬት ላይ ተቀመጡና ደንገሉን በጉልበታቸው ጭነው በልጥ ማሰር ጀመሩ። ልጡን ባጠበቁት ቁጥር ደንገሉ ሲጥ ይላል፤ ያን ድምፅ ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማው ነበር። ከዚያ ሰዉ ራሱ ይጠይቅ ጀመር። ለምን ቀድሞ ይደርቃል? ውሃ ሲጠጣስ? እሳቸውም እያሰሩ መለሱ፦ ታንኳ ከዋለበት ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ቢንከባከቡትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። አንዲት ልጅ ታዲያ በየጊዜው እንደገና መሥራት አይሰለችም ወይ ስትላቸው፣ የሚያሳስባቸው ሥራው ሳይሆን ደንገሉ ከዓመት ዓመት እያነሰ መሄዱ እንደሆነ ነገሯት። ክፍሉ ዝም አለ።

ስለ ትምህርቱ ይዘት ብዙ አትጨነቂ፤ ቁም ነገር ሞልቷል። ለጎንደር ሰው ግን ከፋሲል ጀምሪ። በፈረንጆቹ 1636 ከተማችንን የቆረቆረው ንጉሥ አፅሙ ያረፈው ቤተ መንግሥቱ አጠገብ አይደለም፤ ጣና መሀል ደጋ እስጢፋኖስ ነው። ደጋ ደሴት ነው፤ ውሃ ሳይሻገሩ አይደረስበትም። ይህን ስንናገር ዕድሜ ልካቸውን ፒያሳ የኖሩ ሰዎች ቀና አሉ። ቀጥሎ የጎርጎራን ወደብ አንሺ። ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣሊያን ጊዜም አለበት፣ በደልጊ፣ በቁንዝላና በደቅ በኩል ባሕር ዳር ይመላለስ የነበረው ጀልባም አለበት። በሱ የሄዱ ሰዎች ከአዳራሹ አይጠፉምና ማይክሮፎኑን ስጫቸው።

አንድ ምሽት ደግሞ ራ ለተባሉት የደንገል ጀልባዎች ስጪው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በፈረንጆቹ 1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ልሻገር ሲል ደንገሉ የተቆረጠው ከኛው ከጣና ነው። ጀልባዋ ግብፅ ፒራሚዶቹ ሥር ተሠራች፤ የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ፈረሰች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ራ ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እኔ ይህን ጎንደር ተወልጄ አድጌ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ትምህርት ቤት ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ አሁንም እቆጫለሁ።

ወደ መጠጡ ልምጣ። ዳሽን የከተማችን ነው፣ የሚወደው ይጠጣ፤ ጠርሙስ ግን የትም ይገኛል። ኮረፌ ግን የዚህ አገር፣ የቅማንት እናቶች እጅ ነው። ጠማቂዋን እንደ እንግዳ አስቀምጪያት እንጂ እንደ አስተናጋጅ ጓዳ አትደብቂያት። የኛዋ እናት አሥር ደቂቃ ብቻ ተናገሩ፣ ሰዉ ግን የሳቸውን እስካሁን ያነሳል። ገብሱ ተፈትጎ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከጌሾ ቅጠል ጋር ተለውሶ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ከዚያ ጥቂት ወጥቶ ውሃ ይጨመርበትና አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። ወራት ተጠብቆ በደረሰ ሰዓት የሚጠጣ ነገር ነው፤ ደንገሉን አድርቆ፣ ታንኳውን አስሮ ለአጭር ጊዜ ከሚቀዝፈው ሰው ሥራ ጋር አንድ ምሽት ላይ ሲገናኙ ደስ ይላል። ለአንድ ሰው አንድ አንኮላ ይበቃል። ሁለተኛ ስንቀዳ ጥያቄው ሁሉ ወደ ጨዋታ ዞረብን።

ሰዓቱን አታምሽው። በዚህ ጊዜ ሰው ሳይጨልም ቤቱ መግባት ይፈልጋል፣ ባጃጅም አይገኝም። እኛ 10 ሰዓት ጀምረን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርቱን እንዘጋ ነበር። ረቡዕና አርብ ይቅርብሽ፤ ዐቢይ ጾም ላይ ጨርሶ አትጀምሪው። በፕሮጀክተርም አትተማመኚ፣ መብራት ይጠፋል። ሁለት ምሽት በሻማ ጨርሰናል።

ጠማቂዋን በውስጥ መስመር አገናኝሻለሁ። ጥንስሱ ወራት ስለሚፈልግ ግን አሁኑኑ አናግሪያቸው። ቀኑን ስትቆርጪ ንገሪኝ፤ ወንበሩን መጥቼ እደረድራለሁ፣ የመጀመሪያው ምሽት ቡና ደግሞ በኔ ነው።