ሜትር ለምትይዙ ለጎንደር ወጣት የጤና ባለሙያዎች

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ጤና ኬላው ለምትሄዱ ልጆቼ፣

አንድ ሰው ስኳር አለብህ የሚባልበት ቀን በሽታው የጀመረበት ቀን አይደለም። ሰውነቱ ከቆሽት ለሚወጣውና የደም ስኳርን ዝቅ ለሚያደርገው ለኢንሱሊን እንደ ድሮው መታዘዝ ካቆመ ብዙ ጊዜ ዓመታት አልፈዋል። ሆድ ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ የሚለቀው ቅባት በቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበቱ ኢንሱሊን እያለም ስኳር ማምረቱን አይቀንስም፣ ጡንቻውም ስኳሩን ከደም ለማንሳት ይሰንፋል፤ ቆሽት ግን ኢንሱሊን እየጨመረ ጉድለቱን ይሸፍናል። ሽፋኑ እስካለ ድረስ በባዶ ሆድ የተሠራ የስኳር ምርመራ ደህና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ስኳሬን ታይቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ያላችሁን ሰው ወገቡን ሳትለኩ አትሸኙት።

በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ለክቶ ሰውነቱ ምን ያህል መታዘዝ እንዳቆመ ማስላት ይቻላል። የባዶ ሆዱ ኢንሱሊን በግሉኮሱ (በደሙ ስኳር) ይባዛና ለ22.5 ይካፈላል፤ ግሉኮሱ በሚሊሞል ሲሆን ማለት ነው። ነገር ግን ውጤቱ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፣ ዋጋውም ለአብዛኛው ታካሚ ከባድ ነው። እናንተ እጅ ላይ ያለው ሜትር ነው፣ ሜትሩም በደንብ ከተያዘ ብዙ ይሠራል።

ከቅዳሜ ገበያ የገዛችሁትን የልብስ ሰፊ ሜትር መጀመሪያ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩት። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ወገብን አሳንሶ ያነባል። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ወልቆ እንደሆነ ዜሮው የት እንደሚጀምር እዩ። በጀርባው ኢንች ካለው፣ የኢንቹን ገጽ ወደ ታካሚው አካል አዙሩት።

ወገብ ማለት የሱሪ ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም፣ እምብርትም አይደለም። ሰውየው እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ለቆ ይቁም። በጎኑ በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌውን አጥንት ጫፍ፤ የሁለቱ መካከል ነው የሚለካው። በቀኝም በግራም በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ሜትሩን ካዞራችሁ በኋላ ከኋላው ሄዳችሁ እዩ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ጀርባ ላይ ነው፣ ሜትሩ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሸርተት ይልና ቁጥሩን ያሳድጋል። ቆዳ ይንካ እንጂ አይቆንጥጥ። «ይተንፍሱ» በሉና ትንፋሹ ሲወጣ አንብቡ፤ ሜትር ያየ ሰው ሁሉ ሆዱን ስለሚስብ ወሬ እያወራችሁት ብትለኩ ይሻላል። ሁለቴ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሁለቱንም ትታችሁ እንደገና ጀምሩ። እናቶች መቀነታቸውን ይፍቱ፣ ጋቢና ነጠላም ይነሣ። ለዚህ መጋረጃ ያስፈልጋል፤ እማማን ሰው ፊት አታቁሟቸው። ጠዋት ሽንት ቤት ተሂዶ፣ ምግብ ሳይበላ ቢሆን መልካም ነው። ጸበል ጠጥተው የመጡ ከሆነ ሌላ ቀን ቅጠሯቸው።

ቁመቱም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫማ ይወልቃል፣ ሻሽም የቄስ ጥምጥምም በአክብሮት ተጠይቆ ይነሣል፤ ሹሩባውን ግን ተጭናችሁ ለኩ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይንኩ፤ የጎበጠ የጭቃ ግድግዳ አይሆንም።

አሁን ወገቡን ለቁመቱ አካፍሉ። ከ0.5 በታች ከሆነ ደህና፣ ከ0.5 እስከ 0.59 ስጋት፣ 0.6 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት። እኔ ከሁሉም መለኪያ ይህን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቴንም በቁጥር ላሳይ። ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 65 ኪሎ፣ ወገቡ 88 የሆነ ባለ ሱቅ አስቡ። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር፣ ቢኤምአዩ፣ 23 ነው፣ ማንም ወፍራም አይለውም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለወንድ ያስቀመጠውን 94ም አላለፈም። ለቁመቱ ሲካፈል ግን 0.52 ይመጣል። 150 ሴንቲ ሜትር የሆነች እናትም ወገቧ 76 ቢሆን ለሴት ከተቀመጠው 80 በታች ናት፣ ከቁመቷ ግማሽ ግን አልፋለች። በዚያ ላይ 94 እና 80 የሚሉት ቁጥሮች የተወሰዱት ከአውሮፓውያን ነው፤ ከሰሃራ በታች ላለን፣ የራሳችን መረጃ እስኪሟላ በጊዜያዊነት የተሰጡን ናቸው። ማካፈያ ስልክ ከሌላችሁ፣ የቁመቱን ያህል የተቆረጠ ገመድ ለሁለት አጥፋችሁ ወገቡን ለመክበብ ሞክሩ፤ ካልገጠመ አልፏል።

እዚህ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ከመተማና ከሁመራ የቀን ሥራ የተመለሰ፣ ክንዱ የከሳ፣ ትኩሳት የሚመላለስበት ወጣት ሆዱ ቢገፋ ስብ አይደለም፤ በግራ በኩል ጣፊያውን ዳስሱ፣ ጣፊያን የሚያሳብጠውን ካላዛርን አስቡ። በሆድ የተጠራቀመ ውኃና እርግዝናም ሜትሩን ያሳስታሉ። በሌላ በኩል ቀጭን ወገብ የስኳር ዋስትና አይሆንም። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ ሰውነታቸው የከሳ ወጣት የስኳር ሕሙማን መኖራቸው በጥናት የታወቀ ነው። ውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና መክሳት ያለበት ሰው ወገቡ ምንም ይሁን ምን ዛሬውኑ ደሙ ይታይ።

አንገት መለካትም አለ፣ ከማንቁርት በታች። እኛ ዘንድ ግን እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ስለሆነ ብዙም አልተማመንበትም። ከቁጥሩ ይልቅ ማጅራቱን እዩ። ማተቡን አስፈቅዳችሁ ወደ ላይ ከፍ አድርጉ፤ ቆዳው ጠቁሮ፣ ወፈር ብሎ፣ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ከሆነ፣ ብብቱም እንደዚያው ከሆነ፣ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ሊሆን ይችላል። ብዙዎች እድፍ መስሏቸው እስኪቆስሉ ድረስ ይፈትጉታል፤ እንዳይፈትጉት ንገሯቸው።

ሜትሩ የሚነግራችሁ የማን ደም መመርመር እንዳለበት ነው፤ በሽታ አይወስንም። ከግማሽ ላለፈው የደም ግፊት፣ የባዶ ሆድ ስኳርና ከተቻለ የደም ቅባት ይሠራ። ስኳሩ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም ቢሆን በቅድመ ስኳር ደረጃ ላይ ነው፣ ምንም እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን 110 ቢያደርገውም። 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ስኳር ነው። «ጾም ላይ ነኝ» ያላችሁ ሰው ጠዋት ሻይ በስኳር ጠጥቶ ሊሆን ይችላልና፣ ከውኃ በቀር የቀመሰው ነገር ካለ መቼ እንደሆነ በሰዓት ጠይቁት፤ ሳይቀምስ የቆየበት ጊዜ 8 ሰዓት መሙላት አለበት።

ውጤቱን ስትነግሩ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። በአገራችን መወፈር ተመችቶሃል የሚያሰኝ ምርቃት ስለሆነ፣ ነገሩን ከመልክ አውጥታችሁ ከጉበትና ከቆሽት ጋር አያይዙት። ከዚያ የሚቻለውን ስጡት፤ ለስላሳውን ያቁም፣ የሻዩን ስኳር ይቀንስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ጠንከር አድርጎ ይራመድ። የቁስቋም ዳገት እያለ ለዚህ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ያነሳል። ከክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ መቀነስ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከሦስት ወር በኋላ መልሳችሁ ለኩት። ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ወገቡ ሊቀንስ ይችላልና ሚዛን ብቻ አይታችሁ ተስፋ አታስቆርጡት። ካርዱ ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ፤ የት ቦታ ላይ እንደለካችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ በልቶ ወይስ ሳይበላ፣ ማን እንደለካም ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ባለሙያ እምብርት ላይ ከለካው ሦስት ወር የደከመበት ሁሉ ይጠፋል።